ከቧንቧው የወጣው እንግዳ ስም፦ የዊልሚንግተን ከተማ የመጠጥ ውሃና ፒፋስ

ፋኩልቲው የዛሬውን የሕዝብ ንግግር እንዳቀርብ ሲጋብዘኝ፣ ስለ አገራችን ወንዞችና ሐይቆች እናገራለሁ ብለው የጠበቁ እንደነበሩ አውቃለሁ። እኔ ግን ርቄ ሄጄ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት ስለምትገኝ አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ስለ ዊልሚንግተን፣ ልናገር መርጫለሁ። ምክንያቴ ከአንድ የስልክ ጥሪ ይጀምራል። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ታናሽ እህቴ ዊልሚንግተን ትኖራለች፤ ሙያዋ ነርስነት ነው። በጁን ወር 2017 የአራት ወር ሕፃን ታቅፋ ነበር፤ የጡቷ ወተት ስላልበቃው የዱቄት ወተት በቧንቧ ውሃ እየበጠበጠች ታጠባው ነበር። አንድ ሌሊት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ አንተ የውሃ ሰው አይደለህ? በውሃችን ውስጥ ጄንኤክስ የሚባል ነገር አለ ብሎ ጋዜጣው ጻፈ። ልጁን ምን ላድርገው?» አለችኝ። ስሙን ያን ዕለት መስማቴ ነበር። ይሁንና አላውቅም ማለት ከበደኝ፤ ታላቅ ወንድም ነኝ፣ በዚያ ላይ የውሃ ኬሚስትሪ አስተማሪ። «አይዞሽ፣ አፍልተሽ አቀዝቅዢና በጥብጪለት» አልኳት።

መልሴ ስህተት ነበር። ስህተቱም የአንድ ሌሊት መዘናጋት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ውሃ ደኅንነት ከልጅነታችን ጀምሮ የያዝነው እሳቤ ሁሉ የተሸከመው ስህተት ነበር። ዛሬ ማታ የማደርገው ያንን መልስ ማስተካከል ነው።

ፒፋስ አንድ ኬሚካል አይደለም። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ ሁሉም በሰው እጅ የተሠሩ ውህዶች የጋራ መጠሪያ ነው። የሚያመሳስላቸው የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው መሆኑና ከካርቦኑ ጋር በተለምዶ የምናገኘው ሃይድሮጅን ተነቅሎ በምትኩ ፍሎሪን መተከሉ ነው። በካርቦንና በፍሎሪን መካከል ያለው ትስስር በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። ተፈጥሮ ይህን ትስስር የሚፈታ መሣሪያ እምብዛም የላትም። ቅጠል ሲወድቅ፣ እንስሳ ሲሞት፣ ጨርቅ ሲጣል ባክቴሪያው፣ ፀሐዩና እርጥበቱ ተባብረው ወደ አፈር ይመልሱታል። በፍሎሪን የታጠረ የካርቦን ሰንሰለት ግን ባክቴሪያው የሚነክስበት ቦታ አያገኝም። በእንግሊዝኛው «ዘላለማዊ ኬሚካሎች» የሚል ቅጽል የወጣላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጽሉ ትንሽ ያጋነነ ቢመስልም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ጥንካሬ ሌላ አንድ ጠባይ አላቸው። ሳሙናን አስቡ። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ቅባት ይወዳል፤ እድፍን ከጨርቅ የሚያነሣው በዚህ ሁለት ባሕርይ ነው። የብዙዎቹ ፒፋሶች አንዱ ጫፍ እንዲሁ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፍ ግን ውሃንም ቅባትንም ይሸሻል። ዝናብ የማያስገባ ካፖርት፣ ዘይት የማያሳልፍ የምግብ መጠቅለያ ወረቀት፣ የነዳጅ እሳት ላይ ተዘርግቶ አየር የሚከለክል አረፋ፣ ሁሉም ከዚህ ጠባይ የመነጩ ናቸው። ጥቅማቸውን ማሳነስ አልፈልግም። በአውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ የነዳጅ እሳት በደቂቃ ውስጥ ሲጠፋ ያየ ሰው አረፋውን ከሠሩት ሰዎች ጋር አይጣላም።

ታሪኩ የሚጀምረው በአጋጣሚ ነው። በኤፕሪል 6 ቀን 1938 ሮይ ፕላንኬት የተባለ የዱፖንት ኩባንያ ወጣት ኬሚስት ጋዝ የነበረበትን ሲሊንደር ቢከፍት ጋዙ አልወጣ አለው፤ ሲሊንደሩ ግን ባዶ እንዳልሆነ ክብደቱ ይናገር ነበር። ቢቆርጡት በውስጡ ነጭ፣ አንሸራታች ዱቄት ተገኘ። ዛሬ ቴፍሎን የምንለው ነው። ቴፍሎንን በብዛት ለማምረት ዱፖንት ከ1951 ጀምሮ በዌስት ቨርጂኒያ ፓርከርስበርግ አቅራቢያ ባለው ፋብሪካው ፒ-ኤፍ-ኦ-ኤ የተባለ ረዳት ኬሚካል ይጠቀም ነበር። ይህ ስምንት ካርቦን ያለው ውህድ በምጣዱ ላይ የሚቀረው ሳይሆን በማምረቻው ሂደት የሚያገለግለው «ሳሙና» ነው። ልዩነቱን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ የመጠጥ ውሃን ነገር ስናነሣ ዋናው ችግር ከመጥበሻችሁ ይልቅ መጥበሻው ከተሠራበት ፋብሪካ ደጅ ነው የሚገኘው።

ፒ-ኤፍ-ኦ-ኤ ወደ ኦሃዮ ወንዝና ወደ አካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ገባ። ሮበርት ቢሎት የተባለ ጠበቃ ላሞቻቸው ስላለቁባቸው አንድ ገበሬ የጀመረው ክስ አድጎ የአካባቢውን ሕዝብ ሁሉ የሚመለከት ሆነ። ከክሱ ስምምነት የተነሣ ወደ 69,000 የሚጠጉ ሰዎች ደማቸውን ሰጡ። ሦስት የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎች መረጃውን ለዓመታት መርምረው በ2012 ሥራቸውን ሲጨርሱ፣ ኬሚካሉ ከስድስት የጤና ችግሮች ጋር ሊዛመድ እንደሚችል አመለከቱ፦ ከከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ከአንጀት ቁስለት፣ ከታይሮይድ በሽታ፣ ከኩላሊት ካንሰር፣ ከቆለጥ ካንሰር እና በእርግዝና ከሚመጣ የደም ግፊት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ በ2023 መጨረሻ ፒ-ኤፍ-ኦ-ኤን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ምድብ አስገባው።

አምራቾቹ ይህ ሁሉ እስኪነገር አልጠበቁም። በ2006 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ስምንት ኩባንያዎችን አስማምቶ ፒ-ኤፍ-ኦ-ኤ እስከ 2015 ድረስ ከምርት እንዲወጣ አደረገ። ዱፖንት ምትክ አዘጋጀ። የምትኩ ሞለኪውል ስድስት ካርቦንና አሥራ አንድ ፍሎሪን ያለው፣ በሰንሰለቱ መካከል አንድ ኦክስጅን የገባበት አሲድ ነው። ኦክስጅኑ የገባው ሰንሰለቱ አጠር ብሎ ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ ታስቦ ነው። የንግድ ስሙም ጄንኤክስ ተባለ። የሚመረተው ከፌይትቪል ከተማ በስተደቡብ፣ በኬፕ ፊር ወንዝ ዳር በሚገኝ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ2015 ከዱፖንት ተነጥሎ ለተቋቋመው ኬሞርስ ኩባንያ ተላለፈ። ወንዙ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ውቅያኖስ ከመግባቱ በፊት ወደ 200,000 ለሚጠጋ ሕዝብ የመጠጥ ውሃ ይሰጣል። እህቴ ከዚያ ሕዝብ መካከል ነበረች።

አሁን ወደ መለኪያ እንግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ስለ ፒፋስ ስንናገር መለኪያችን ናኖግራም በሊትር ነው። አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። አንድ የውሃ ጠብታ በ20 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳዎች ውስጥ ብትጨምሩ የምታገኙት ድርሻ ያንን ያህል ነው። «እንግዲያውስ ከንቱ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን አስሉት። በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ በያንዳንዱ ሊትር 631 ናኖግራም ካለ፣ በቀን አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ኬሚካል እያለፈ ነው ማለት ነው። አምስት ኪሎ የማይበሰብስ ነገር በየቀኑ፣ ለዓመታት።

631 የሚለውን ቁጥር ከሜዳ አላመጣሁትም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ተመራማሪዎች ማርክ ስትራይናርና አንድሩ ሊንድስትሮም ከ2012 ጀምሮ የኬፕ ፊርን ውሃ እየቀዱ ቀድሞ በስም የማይታወቁ ፍሎሪን ያለባቸው ውህዶችን ሲለዩ ነበር። ከዚያም የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዴትሌፍ ክናፔና የሥራ ባልደረቦቹ በ2013 እና በ2014 የተቀዱ ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን በኖቬምበር 2016 አሳተሙ። የዊልሚንግተን ውሃ ከሚቀዳበት ቦታ በጥሬው ውሃ የተገኘው የጄንኤክስ አማካይ መጠን 631 ናኖግራም በሊትር ነበር፤ ከፍተኛው ወደ 4,500 ይጠጋ ነበር።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ያስደነገጡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ መሣሪያው ሌሎች ተመሳሳይ ውህዶችንም ማሳየቱ ነው። የአንዳንዶቹ ምልክት ከጄንኤክስ ምልክት ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ሆኖም ለማነጻጸሪያ የሚሆን ንጹሕ ናሙና በገበያ ስላልነበረ መጠናቸውን በትክክል መናገር አልተቻለም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር እዚህ በአካል ቆሞ አየሁት፦ የምንለካው የምናውቀውን ብቻ ነው። ውሃን «ንጹሕ ነው» የሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ሁሉ «ከፈለግኋቸው ነገሮች የጸዳ ነው» ማለቱ ነው።

ሁለተኛው የማጣሪያው ጉዳይ ነው። የዊልሚንግተን የውሃ ማጣሪያ ኋላ ቀር አልነበረም። ደለሉን በኬሚካል አጋግሞ ያዘቅጣል፣ በኦዞን ያክማል፣ ረቂቅ ተሕዋስያን በሰፈሩበት ማጣሪያ ያሳልፋል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃንና በክሎሪን ጀርም ይገድላል። የእኛ ከተሞች ቢያገኙት የሚመኙት ዓይነት ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱም ለነዚህ ውህዶች ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አላመጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማዝቀጥ የሚይዘው ጭቃን ነው፤ እነዚህ ሟሙተዋል። ኦዞንና ክሎሪን የሚያጠቁት ሊቃጠል የሚችል ትስስርን ነው፤ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር አይቃጠልላቸውም። ማፍላትማ የባሰ ነው። ስታፈሉት ውሃው ይተናል፣ ኬሚካሉ ከምንቸቱ ይቀራል፤ በቀረው ውሃ ውስጥ ድርሻው በጥቂቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለእህቴ የሰጠኋት ምክር ይኸው ነበር።

ማፍላትን ያስተማሩን እናቶቻችን አልተሳሳቱም። እነሱ የተዋጉት ከተቅማጥና ከኮሌራ ጋር ነው፤ ለዚያ ጠላት እሳት እስከ ዛሬ ድረስ ፍቱን መሣሪያ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ለአንድ ጠላት የተሠራውን መሣሪያ ለሌላ ጠላት አዘዝኩ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አድሬ መልሼ ደወልኩላት። «ትናንት የነገርኩሽን ተይው። ለልጁ የታሸገ ውሃ ግዢ» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እስከ ዛሬ የጠጣውስ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬ ግን ስሌቱን ላሳያችሁ። አንድ 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በቀን ሁለት ሊትር ከዚያ ውሃ ቢጠጣ በያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 18 ናኖግራም ያህል ይደርሰዋል። ስድስት ኪሎ የሚመዝን፣ በዱቄት ወተት ብቻ የሚያድግ ሕፃን በቀን ወደ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ በኪሎው 95 ናኖግራም ገደማ ይደርሰዋል። ከጎልማሳው አምስት እጥፍ መሆኑ ነው። በ2021 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው፣ በዋነኛነት በአይጦች ጉበት ላይ የታየውን ጉዳት መሠረት አድርጎ፣ ጄንኤክስ ዕድሜ ልክ ቢወሰድ አያሰጋም ብሎ የገመተው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ናኖግራም ነው። ሕፃኑ የሚወስደው ከዚያ በሠላሳ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ማለት ሕፃኑ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ገደቡ ሆን ተብሎ ሰፊ የጥንቃቄ ርቀት የተተወለት ነው። የጥንቃቄው ርቀት ማለቁን ግን ያሳያል።

ወደ ከተማዋ እንመለስ። የክናፔ ጽሑፍ በኖቬምበር 2016 ታተመ፤ ሕዝቡ ያወቀው ቮን ሃገርቲ የተባለ ጋዜጠኛ ስታርኒውስ በተሰኘው የከተማዋ ጋዜጣ ላይ በጁን 2017 ከጻፈ በኋላ ነው። ሰባት ወራት። ጽሑፉ አልተደበቀም፤ ማንም ከፍሎ ወይም በዩኒቨርሲቲ በኩል ሊያነበው ይችል ነበር። ለአንድ የሙያ መጽሔት የተላከ እውነት ግን ወተት ለምትበጠብጥ እናት አልደረሰም። በዩኒቨርሲቲ የምንሠራ ሰዎች ይህን የሰባት ወር ርቀት ብዙ ጊዜ ልናስበው ይገባል እላለሁ፤ ለዚህ ነው ዛሬ በአማርኛ የምናገረው።

ከዚያ በኋላ ነገሮች ፈጠኑ። የኩባንያው ተወካዮች ከባለሥልጣናት ጋር ተሰብስበው፣ ወደ ወንዙ የሚገባው ጄንኤክስ የሚመነጨው ከዋናው የጄንኤክስ ምርት ሳይሆን ከሌላ የምርት መስመር እንደ ተረፈ ምርት መሆኑንና ይህም ከ1980 ጀምሮ ሲፈስ እንደቆየ ገለጹ። እስቲ አስቡት፤ ምትክ ነው የተባለው ኬሚካል ይተካዋል ከተባለው ጋር ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያህል ጎን ለጎን ሲፈስ ነበር። ኩባንያው ፍሳሹን እየሰበሰበ ማስወገድ ጀመረ፤ በወንዙ ውስጥ ያለው መጠንም ወዲያው ወረደ።

የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ደግሞ ሕዝቡ ለሚጠይቀው ጥያቄ ቁጥር ፈለገ። በጁን 2017 የመጀመሪያ ግምቱ 71,000 ናኖግራም በሊትር ነበር፤ በጁላይ 140 አለ። በ2022 የፌዴራሉ ኤጀንሲ በጤና ምክሩ 10 አለ። ሕዝቡ ይህን ሲያይ «ሳይንቲስቶቹ ይጫወቱብናል» ብሎ ነበር፤ አልፈርድበትም። እንደኔ እንደኔ ግን የቁጥሩ መውረድ የሳይንስ ክሽፈት አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር በእጅ ባለ ጥቂት መረጃ የተሠላ ነበር፤ ሁለተኛው ሕፃናትን ከሁሉ በፊት አስቀድሞ፣ ኬሚካሉ ከሌላ መንገድም ወደ ሰውነት እንደሚገባ ታሳቢ አድርጎ ተሠላ። ክሽፈቱ ሌላ ቦታ ነው፦ ኬሚካሉ ከወንዙ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ መሠላት መጀመሩ።

በፌብሩዋሪ 2019 ኩባንያው፣ የግዛቱ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤትና የኬፕ ፊር ወንዝ ጠባቂ ማኅበር በፍርድ ቤት ስምምነት ላይ ደረሱ። ኩባንያው 12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል፣ ከጭስ ማውጫው ከሚወጣው ፒፋስ 99.99 በመቶውን የሚያቃጥል እቶን ሊተክል ተስማማ። ስለ ጭስ ለምን እናወራለን ትሉ ይሆናል። ወንዙ አንዱ መንገድ ብቻ ነበር። ከጭስ ማውጫው የወጣው ከዝናብ ጋር ወርዶ ወደ አፈሩ ሠረገ፣ ከአፈሩ ወደ ጉድጓድ ውሃ። በፋብሪካው ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የግል ጉድጓዶች ተበክለው ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች ከወንዙ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው አያውቁም።

ከተማዋ በበኩሏ በኦክቶበር 2022 አዲስ ማጣሪያ ሥራ አስጀመረች። ስምንት ግዙፍ ገንዳዎች በአክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ከሰል፣ ተሞሉ። ወጪው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የከሰሉ አሠራር ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት በውስጡ እጅግ ብዙ ቀዳዳ ስላለው የገጹ ስፋት ለዓይን ከሚታየው ብዙ ሺህ ጊዜ ይበልጣል፣ ውሃ የሚሸሸው የሞለኪውሉ ጅራትም እዚያ ይለጠፋል። ረጅም ሰንሰለት ያላቸው በደንብ ይያዛሉ። አጫጭሮቹ ግን የመያዣው ቦታ እየሞላ ሲሄድ ቀድመው ያመልጣሉ። ስለዚህ ከሰሉ ገና ለረጅሞቹ እያገለገለ ሳለ ለአጫጭሮቹ ሲባል መነሣት፣ በከፍተኛ ሙቀት መታደስና መመለስ አለበት። በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይጠይቃል። ይህን የሚከፍለው የውሃ ቆጣሪ ያለው ነዋሪ ነው፤ የከተማዋ የውሃ ባለሥልጣን ወጪውን ለማስመለስ በ2017 ኩባንያዎቹን ከሷል። ምትክ ሆኖ የተመረጠው አጭር ሞለኪውል ከሰውነት ቶሎ እንዲወጣ የታሰበ ነበር ብያችኋለሁ፤ ያው አጭርነቱ ከማጣሪያውም እንዲያመልጥ ረዳው። የምትክ ምርጫ እንዲህ ያለ መዘዝ እንዳለው ለምሕንድስና ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የደሙስ ነገር? የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኖቬምበር 2017 እስከ ሜይ 2018 ከ344 የዊልሚንግተን ነዋሪዎች ደም ወሰዱ። ሁሉም የፈራው ጄንኤክስ በደማቸው አልተገኘም። ፍሳሹ ከቆመ ወራት አልፈው ስለነበር ከሰውነት ወጥቶ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያው ፋብሪካ የወጡ፣ ጋዜጦች ስማቸውን ያልጠሯቸው ሌሎች ሁለት ውህዶች ከሞላ ጎደል በሁሉም ሰው ደም ውስጥ ተገኙ። ከዚህም ሌላ የቀድሞዎቹ፣ የረጅም ሰንሰለት ፒፋሶች መጠን ከአሜሪካ አማካይ በላይ ነበር። ፒ-ኤፍ-ኦ-ኤ በሰው ደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል። በየቀኑ ጥቂት የሚጨመርበት፣ በየዓመታቱ ጥቂት የሚቀንስ ነገር ይጠራቀማል፤ ለዚህ ነው በደም ውስጥ ያለው መጠን በውሃው ውስጥ ካለው መቶ እጥፍ ገደማ ሊሆን የሚችለው።

አንድ ጥያቄ ከወዲሁ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ይነሣል። «ፍሎሪን ካሉ በስምጥ ሸለቆ ያለን ችግር ይኸው አይደለም ወይ?» አይደለም። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ጥርስ የሚያበልዘው፣ ሲበዛም አጥንት የሚያጎብጠው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ አለት የሚሟሟ የተፈጥሮ ጨው ነው፤ ፍሎሪኑ ከካርቦን ጋር አልታሰረም። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። አሜሪካ በ2024 ለፒ-ኤፍ-ኦ-ኤ ያወጣችው ገደብ 4 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ሁለቱን ብታነጻጽሩ ልዩነቱ ከ300,000 እጥፍ በላይ ነው። መፍትሔውም ይለያያል። የእኛን ፍሎራይድ የሚይዘው ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራው ከሰል ነው። ከዊልሚንግተኑ ከሰል ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ሁለቱም ጥቁር ፍርፋሪ ናቸው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን የምለው በገበያ ላይ «ሁሉን ያጣራል» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ስላለ ነው። ሁሉን የሚያጣራ ዕቃ የለም።

ፒፋስ ደግሞ እኛ ዘንድ የለም ማለት አይደለም። በ2016 በታተመ ጥናት የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጣና ሐይቅን ውሃ፣ ደለልና ዓሣ መርምረው ፒፋስን አግኝተዋል። በውሃው ያለው መጠን አነስተኛ ነው፤ ጠቅላላ ድምሩ በናሙናዎቹ ሁሉ ከስድስት ናኖግራም በሊትር አይበልጥም። አታስደንግጡበት። ነገር ግን ፒፋስ የሚያመርት ፋብሪካ በዳርቻው ከሌለው ሐይቅ መገኘቱ እነዚህ ነገሮች እንዴት እንደሚጓዙ ይነግረናል፤ በተገዛ ዕቃ፣ በቆሻሻ፣ በአየር። በዚያ መጠን ላይ ሳለን ያለው ልዩ ዕድል መነሻውን መዝግቦ መያዝ መቻላችን ነው። ዊልሚንግተን ይህ መዝገብ የላትም፤ ከ1980 በፊት ወንዟ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ መልሶ መቅዳት አይቻልም።

የገደቡ ነገር ገና አልረጋም። በኤፕሪል 2024 የወጣው የአሜሪካ ደንብ ለጄንኤክስ 10 ናኖግራም ወስኖ ነበር፤ በሜይ 2025 ኤጀንሲው የፒ-ኤፍ-ኦ-ኤንና የአንድ ዘመዱን ገደብ እንደሚያጸና፣ ማሟያ ጊዜውን ግን ወደ 2031 ለመግፋት፣ የጄንኤክስንና የሌሎቹን ገደብ ደግሞ ለመሻር እንዳሰበ አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ የ20 ፒፋሶችን ድምር በ100 ናኖግራም የሚገድብ ደንብ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ወስኗል። ውሃው አንድ ዓይነት ሲሆን ሕጉ እንደ ባሕሩ ማዶ ይለያያል።

የእህቴ ልጅ አድጓል፤ ጤነኛ ነው፤ እግር ኳስ ይጫወታል። ጤነኛ መሆኑ ግን ስለ ውሃው የሚነግረን የለም፤ አንድ ልጅ ጥናት አይሆንም። እህቴ ከማእድ ቤቷ ማጠቢያ ሥር በግፊት የሚሠራ ረቂቅ ማጣሪያ አስገጥማለች፤ ይህ ዓይነቱ አጫጭሮቹንም ይይዛል፤ ክሩን በጊዜው ትቀይራለች። ከተማዋ የከሰሉን ገንዳዎች ሥራ ካስጀመረች በኋላ «አሁንማ ልተወው ይሆን?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ወዲያው አልመለስኩላትም። የከተማዋ የውሃ ባለሥልጣን የሚያወጣውን የምርመራ ውጤት እንድትልክልኝ ነገርኳት፤ ቁጥሮቹን በየተራ፣ ስማቸውንም እየጠራን አብረን አነበብን። ክሩን እስከሚቀጥለው ቅያሪ ድረስ እንድታቆየው ተስማማን።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። መድረክ መሪያችን ማይክሮፎኑን ወደ ኋላ ረድፍ እንዲያሳልፉልኝ እጠይቃለሁ፤ እዚያ ገና ከመጀመሪያው እጃቸውን ያነሡ እናት አይቻለሁ።